መሀል ጥርስ

አፉላ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከቆርቆሮው ሰፈር፣
ጋራዥ አለኝ፤ አንድ ክሪክ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ወንበር።
ማክሰኞ ጧት ዶክተር ፋይቢሽ ትራያምፉን ይዞ መጣ፤
ሞዴል ስልሳ ሰባት፣ አረንጓዴ፣ ጣራዋ የት እንደ ደረሰ የታጣ።
አርባ ዓመት የሰው መንጋጋ ሲያይ የኖረ ጥርስ ሐኪም፣
"መሪዋ ላልቷል" ይላል፤ "ሦስት ጣት ይዞራል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም።"

እኛ መሪ ነው የምንለው፤ ላገርም ለመኪናም አንድ ቃል፤
የመኪናው ሲላላ ግን ጎማው ቀድሞ ያስታውቃል።
ልጄ ኖጋ "ሄጌ" ትለዋለች፣ በዚህ አገር ቋንቋ፣ ባጭሩ፤
እኔ ደግሞ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ቴስቲና፤ ከጎንደር ጋራዥ አፌ ላይ የቀሩ።
የመኪናዋ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው።
በሦስት ቋንቋ ስንጨቃጨቅ ውለን፣ በአራተኛው፣ በእጃችን፣ ተግባባን፤
ጎማውን ነቅለን ከሆዷ ሥር ገባን።

ቴስቲናውን ስፈታ፣ "ቁጠሪ" አልኳት፣ "እያንዳንዱን ዙሩን፣
ስንመልሰው እዚያው እንዲያርፍ።" ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈች ቁጥሩን፦
አስራ ዘጠኝ።
አንዱ ብሎን እንቢ አለ። ዘይት ጠጣ፣ እሳት ቀመሰ፣ ስድብም ሰማ፤
ከቀትር በኋላ፣ ዝም ስለው፣ በራሱ ጊዜ ተስማማ።

ክሬማሌራው ወጣ፤ ክንድ የሚያህል ብረት፣ ጥርሱ በአንድ ጎን የተደረደረ፤
ግራሶውን ጠርጌ በባትሪ ሳየው፣ ነገሩ ሌላ ነበረ።
ዳርና ዳር ያሉት ጥርሶች ትናንት የተሳሉ ይመስላሉ፤
መሀል ያሉት አራቱ ግን፣ እንደ ተመጠጠ ከረሜላ፣ ሟሙተው ይታያሉ።
ዶክተሩ መነጽሩን አደረገ፣ አጎነበሰ፣ በጥፍሩ ዳበሰው፤
"ጠመዝማዛ መንገድ ነው እኮ የምወደው፤ መሀሉን ምን አፈረሰው?"

ነገርኩት። ጥርስ በኩርባ አያልቅም፤ ኩርባ እንግዳ ነው፣ አልፎ ሂያጅ።
ብረትን የሚበላው ቀጥታው ነው፣ መሪውን ያልነካህ የመሰለህ፣
ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት፣
እያፏጨህ የተመላለስክበት።

"እንግዲያ አጥብቅልኝ፣ ልክፈልህ።" "መሀሉን ባጠብቀው ዳሩ ይታነቃል፤
ለመሀል አገር ሲባል የጠበቀ ዳር አገርን እንደሚያንቅ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?"

"ሞተር የሚያግዘው አለ፣ የኤሌክትሪክ፣
በአንድ ጣት ይዞራል" አለች ኖጋ።
ዶክተሩ ቀኝ እጁን አየ። ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።
እንደ ተሰረቀ ዕቃ ኪሱ ከተተው።
"አይሆንም" አለ። "እሷም ትንቀጠቀጣለች፣ እኔም፤
ስንሄድ የማን ማን እንደሆነ አይለይም።
ይህችን ተዉልኝ።"

አዲሱ ክሬማሌራ በአስራ አንድ ቀን ከሃይፋ ወደብ ደረሰ።
ያለ ሞተር። እንደ ጥንቱ።
አስራ ዘጠኙ ግን አልሠራም፤ አዲስ ብረት የራሱ ልክ አለው፤
ከጎማ ጎማ ሲባጎ ወጥረን አስራ ሰባት ተኩል ላይ አገኘነው።
የግድግዳው ቁጥር አልተሰረዘም። ኖጋ "ይቆይ" አለች።

ሁለት ወንበር ብቻ ናት፤ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
ጥንት የተረገመችው ጊልቦዓ አረንጓዴ ለብሳ ጠበቀችን፤
ኩርባ በኩርባ ወጣን፣ ኩርባ በኩርባ አወረደችን።
ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ነዳ። አልተናገረም። አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀጥታው ላይ ደረስን። ሸለቆው ተዘረጋ፤ ግራ ቀኙ የሱፍ አበባ።
መሪው ጸጥ አለ፣ አዲስ ነውና፤ ንቅንቅ የለም።
እጁ ብቻ።
መኪናዋ ስትሸፍንለት የኖረችውን
እኔ፣ በገዛ መፍቻዬ፣ ገለጥኩበት።
ፊቴን ወደ አበባው አዞርኩ፤
አንድ በአንድ መቁጠር የሚቻል ይመስል ቆጠርኩ።

"ዳርና ዳሩ ግን ደህና ነው" አለ ቆይቶ።
"ደህና ነው" አልኩ።
ፍሬን ያዘ፣ ዞረ፣
ወደ ኩርባው መለሳት።